ቢጫዋ መብራት በሱዋሜ

ሃምቡርግ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2007

ለተከበሩ ዎፋ ክዋኩ ንቲያሞአ፣ ኩማሲ፣ ሱዋሜ

የእናቴ ወንድም፣ በእናቴ ወገን አባቴ የሆኑት ዎፋ፣ ከብርድ አገር ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ለጌታ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ፤ ከበረዶው በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

ለእናቴ የላክኋት ቶዮታ በሰላም ገብታ እርስዎ ጋራዥ አንድ ሳምንት ካደረች በኋላ፣ ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ የሞተር ምልክት በርቶ አልጠፋ እንዳለ እናቴ አስጽፋልኛለች። «መኪናው በቢጫ ዓይኑ ያፈጥብኛል» ብላ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ልትሄድበት አልቻለችም። መኪናዋ እዚህ ሳለች እንዲህ ያለ ነገር አልነበረባትም። ዎፋ፣ አይቆጡኝና፣ የዛሬ መኪና የድሮ ቤድፎርድ ጭነት መኪና አይደለም። ጆሮ አስጠግቶ አዳምጦ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ቀርቷል። እኔ እዚህ በመኪና ምህንድስና ውስጥ ስለምሠራ ነገሩ ይገባኛል፤ የተበላሸው ሴንሰር ነው።

በደብዳቤው አምጪ እጅ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ልኬያለሁ። ከመሪው በታች ሲሰኩት የበሽታውን ቁጥር ይናገራል። እርስዎ አይልፉበት፤ ልጅዎ ዱፊዬ ፊደል ስለቆጠረች ቁጥሩን ገልብጣ ትላክልኝ። ከዚያ በላይ እንዳትነካካው ግን አደራ።

ሌላው ጉዳይ፣ እጅዎ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ሰምቼ አዝኛለሁ። በወገናችን ልማድ የአንድ ሰው ንብረት ለእህቱ ልጅ እንደሚያልፍ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። አስቀድሞ መዘጋጀት ጥሩ ነውና የጋራዡን ቦታ ርዝመትና ስፋት አስለክተው፣ ከፎቶግራፍ ጋር ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪ ልጅዎ፣
ያው አምፖንሴም

---

ኩማሲ፣ ሱዋሜ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2007

ለእህቴ ልጅ ለያው አምፖንሴም፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። እኔም ሰላም ብያለሁ። በረዶው ይማርህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለእናትህ። «ስፋቱን አስለክተው» የሚለው ጋ ስደርስ እናትህ መሬት መሬት አየች። ወይ ጉድ! ገና በእግሬ ቆሜ ስሄድ ሜትር ይዘህ መጣህብኝ? ሬሳዬንስ ለምን አላስለካህም? እሱም አንድ ሜትር ከሰባ ነው፣ ጻፈው።

«በመኪና ምህንድስና ውስጥ» ብለሃል። ኮምፒዩተርህን ያመጣው ሰውዬ እኛ ቤት ፉፉ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ሥራህን አጫወተን። መኪና እየነዳህ መርከብ ውስጥ ታስገባለህ፣ ጎማውን በቀበቶ ታስራለህ። የሰው ሥራ ነው፣ አላፍርበትም። እንዲያው እንደዚያው ብለህ ጽፈህልኝ ቢሆን ኖሮ ለሱዋሜ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ወደብ ላይ ይሠራል» ብዬ እኮራብህ ነበር። አንተ ግን መሐንዲስ ሆነህ መጣህብኝ። ለኔ! ጆሮዬን ሞተር ላይ አድርጌ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ ለምነግር ሰው!

አሁን ስለ ዱፊዬ። «ፊደል ስለቆጠረች» ብለሃታል። ዱፊዬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ሥር ናት። በዚህ ሰፈር ሞተር አውርዳ፣ ገጣጥማ፣ አንድ ብሎን ሳታስተርፍ የምታስነሳ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ከወንዶቹም ስንቱ ይችላል ብለህ ነው? ጋራዡ ውስጥ እንደ ሌሎቹ «ማስተር» ትለኛለች፣ ቤት ስንገባ «አባዬ»። ልጄ ስለሆነች ከእናቷ ወገን ተቆጥራ፣ በልማዳችን ከኔ አንድ ቁልፍ እንኳን እንደማትወርስ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ሆኖም በየማለዳው ከኔ ቀድማ በሩን ትከፍታለች። አንተ ደግሞ እግርህ ይህን ግቢ ከረገጠ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ቁጥሩ ይኸው፦ 0128። ኮምፒዩተሩ «የሞተር ውሃ ሙቀት አልደረሰም» ይላል። ሞተር አልሞቀም ብሎ የሚያለቅስ ኮምፒዩተር! በኩማሲ ፀሐይ! እኔ አምፖሏን ነቅዬ ልጥላት ነበር፤ እዚህ ሰፈር ብዙው ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። ዱፊዬ ናት እጄን የያዘችኝ።

አሁን ስማኝ። ሴንሰር ነው ካልክ ሴንሰሩን ላክ። እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ። አንድ ወር ሙሉ መብራቷ ከጠፋች የቦታውን ወረቀት በሕይወት እያለሁ በእጅህ አስቀምጥልሃለሁ፤ መሞቴን አትጠብቅም። ካልጠፋች ግን ጋራዥ የምትለው ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። እናትህ ምስክር ናት።

ዎፋህ፣
ክዋኩ ንቲያሞአ

---

ሃምቡርግ፣ ማርች 5 ቀን 2007

ለተከበሩ ዎፋ፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን በረዶው ቆመ፤ እንደ በረከት ቆጥሬዋለሁ። ጤናዎን ያብዛልዎ።

ሰው ስለ ሥራዬ ያወራልዎትን ትቼዋለሁ። ወሬ የሚያመላልስ ሰው ፉፉ ካገኘ ሌላም ይጨምራል። መርከብ ላይ የሚጫነው መኪና በሙሉ በኔ እጅ እንደሚያልፍ ግን ልንገርዎ፤ በቀን ሁለት መቶ መኪና። እርስዎ በዓመት ስንት ያያሉ?

ስምምነቱን ተቀብያለሁ። 0128 ማለት የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው፤ እዚህ ሕፃን ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። አዲሱን ሴንሰር ልኬያለሁ፣ ሣጥኑ አልተከፈተም። ሲገጥሙት እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥብዎ ዱፊዬ መብራት ትያዝልዎ።

ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥም ከወዲሁ ቢነግሩኝ መልካም ነው። የዋናውን ኮፒ ብቻ ቢልኩልኝ ለጊዜው ይበቃኛል። ጋራዡን በተመለከተ አሳብ አለኝ፤ ሰፈሩን የሚያስከብር ነገር እሠራበታለሁ። ዱፊዬም አትጣልም፤ ፈገግታ ካላት እንግዳ መቀበያው ላይ ልትቀመጥ ትችላለች።

አክባሪዎ፣
ያው

---

ኩማሲ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2007

ለያው፣

የፋሲካ ሰላምታ። እናትህ ደህና ናት፤ በትሮትሮ ሚኒባስ ተጋፍታ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደችው።

ሴንሰርህን በራሴ እጅ ገጠምኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አዎ፤ ግን ገጠመ። መብራቷን አጠፋናት። ሁለት ቀን ጠፋች። አንተ ደግሞ እዚያ ከበሮ ስትደልቅ ይታየኛል። ሦስተኛው ቀን ዱፊዬ በማምፖንግ መንገድ ዳገቱን ወጥታ ስትወርድ ብልጭ! ያችው ቢጫ። አሁን ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፣ ሌላ ቁጥር ወልዳለች፤ ጭሱ ቤንዚን በዝቶበታል ይላል።

እንግዳ መቀበያ ያልካትን ነግሬያታለሁ። ጥርሷን እንዳላሳየች ታውቅ ዘንድ ነው የምጽፍልህ። «ሴንሰሩን ነቅሎ ከመጣል በፊት የሚለውን ማዳመጥ አይሻልም?» አለች። ምን ማለቷ ነው ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ለሴንሰር ጆሮ የለኝም። አርባ ዓመት ያለ ሴንሰር ሠርቻለሁ።

አንደኛውን ዙር ተሸንፈሃል። ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ ጠይቀሃል፤ ትራሴ ሥር ነው፣ ራሴም እላዩ ላይ ነው።

ዎፋህ

---

ሃምቡርግ፣ ሜይ 2 ቀን 2007

ለዎፋ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአጭሩ እጽፋለሁ፣ ሥራ በዝቶብኛል።

ሁለተኛው ቁጥር ሁሉን ግልጽ ያደርገዋል። የጭስ ማውጫው ኦክስጅን ሴንሰርም ሞቷል። ሁለቱ አብረው ነው የሞቱት፤ መቼም ከወደብ እስከ ሱዋሜ መንገድ ላይ መኪናዋን ማን ምን እንደነካካት አይታወቅም። አዲሱን ልኬያለሁ። ይህ የመጨረሻው ነው። ስለ ማዳመጥ ለምትናገረው ልጅ፣ መኪና ቄስ ፊት የቀረበ ኃጢአተኛ አይደለም፣ አይናዘዝም በሉልኝ።

ወረቀቱን ከትራስ ሥር አውጥተው በደህና ሣጥን ያስቀምጡት። ቤት ይቃጠላል፣ ዝናብ ይገባል።

ያው

---

ኩማሲ፣ ጁላይ 29 ቀን 2007

ለእህቴ ልጅ ለያው፣

ሦስት ወር ዝም አልኩህ። ታምሜ አይደለም። የምጽፈው ነገር ከእጄ አልወጣ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን ከነውርደቱ እጽፍልሃለሁ፣ ዱፊዬም የለችም፤ ሞተር ገጥማ ልትመልስ አፊግያ ከተማ ሄዳለች።

ሁለተኛውንም ሴንሰርህን ገጠምኩት። መብራቷ አንድ ሳምንት ጠፍታ ቆየች፣ እንደገና በራች። አሮጌዎቹን ሁለት ሴንሰሮች «የሃምቡርግ ውሸታሞች» ብዬ ሥራ ለሚማሩት ልጆች እያሳየሁ፣ አንተን እያማሁ፣ ጋራዡን በሙሉ አሳቅኩብህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱፊዬ አልሳቀችም።

ለካስ እሷ በየማታው ከሥራ በኋላ ያችን ትንሽ ኮምፒዩተርህን ሰክታ ትነዳ ኖሯል። ቁጥር አንብባ የምታጠፋ መስሎን ነበር፣ አንተም እኔም። እሷ የውሃውን ሙቀት እየሄደች ታነባለች። ቆማ ስታስነሳው ቀስ ብሎ ይወጣል። መንገድ ስትይዝ፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ ይወርዳል። ሃምሳ ስምንት። ስልሳ። ሰማንያ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሃምሳ ስምንት! የራዲያተሩን ውሃ በቴርሞሜትር ለካች፤ አሁንም ሃምሳ ስምንት። አሮጌውን ሴንሰርህን አውጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረችው። እሱም እውነቱን ተናገረ። አልሞተም ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃ ሁለት ቀን ዝም አለችኝ። ለምን ትለኝ ይሆናል። በሥራ ቦታ፣ በልጆቹ ፊት ማስተርን አታርምም፤ የዚህ ሰፈር ደንብ ነው፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እሁድ ቤት መጣች። በሩን ዘጋች። ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣

«አባዬ፣ መኪናዋ የመጣች ቀን ቴርሞስታቷን አውጥተሃል?» አለችኝ።

«አዎ። እንደ ሁሉም።»

«ለምን?»

«ምን ለምን ትያለሽ! ሙቅ አገር ነው። እዚህ ቴርሞስታት ምን ይሠራል? ውሃው እንዳይዞር ያንቀዋል፣ ሞተር ያቃጥላል። ከዚህ ግቢ ከነቴርሞስታቱ የወጣ መኪና የለም!»

«ለዚህ ነው አባዬ» አለችኝ። «ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዝለት ነገር ስለሌለ አይሞቅም። ሴንሰሩ ቀዝቅዣለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው። ቀዝቅዣለሁ ስላለ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይጨምርለታል። ጭሱም የበዛው ለዚህ ነው። መብራቷ ያበደች አይደለችም።»

አባቴ ይሙት፣ አባረርኳት። ውጪልኝ አልኳት። አርባ ዓመት ሙሉ ስህተት ሠርተሃል ነው የምትይኝ አልኳት። ወጣች። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እንዴት እንደሚያናድድ! ብትሰድበኝ ኖሮ እቀበለው ነበር። ግን አልሰደበችኝም።

ሰኞ ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ጓሮ ያለውን በርሜል ታስታውሳለህ? አታስታውስም፣ አንተ ምን ታስታውሳለህ። ከየመኪናው ያወጣኋቸውን ቴርሞስታቶች የምጥልበት በርሜል ነው፤ እስከ አፉ ሙሉ። ከላይ ከላይ ያሉትን ፈተሽኩ። የእናትህን መኪና ቴርሞስታት አገኘሁት፣ ገና አልዛገም። በዚህች በምትንቀጠቀጥ እጄ መለስኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ኤጁራ ድረስ ብቻዬን ነድቼ ተመለስኩ። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሰባት። ሰማንያ ስድስት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ መብራቷም ይኸው እስከ ዛሬ አልበራችም። ስድስት ሳምንት ሆናት። እናትህ ያሻትን እየሄደችበት ነው።

ስለዚህ ያው፣ እወቀው። አንተ ሃምቡርግ ተቀምጠህ ሳታያት ሴንሰር ነው አልክ። እኔ እዚህ ቆሜ፣ በገዛ እጄ ያበላሸኋትን መኪና ሴንሰር አያስፈልግም አልኩ። ሁለታችንም ባዶ ጉራ ብቻ ነን። እውነቱን ሲናገር የነበረውን ነገር ሁለት ጊዜ ነቅለን ጣልነው። ማፈሬን የምጽፍልህ አንተ ልታፍር ስላልቻልክ ነው።

ዎፋህ፣
ክዋኩ

---

ሃምቡርግ፣ ኦገስት 11 ቀን 2007

ለዎፋ ንቲያሞአ፣

ሰላም። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ እመልሳለሁ።

እንግዲህ በራስዎ እጅ ጻፉት። ጥፋቱ የእርስዎ ነው! ሴንሰሩ ባይሆን እንኳን መኪናዋን ያበላሻት የሱዋሜ እጅ ነው፤ እኔ የላክኋት ጤነኛ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና እያጎደለ በርሜል የሚሞላ ጋራዥ፣ ጋራዥ ነው? እዚህ ቢሆን ተዘግቶ ቁልፉ ይወሰድ ነበር። ስምምነታችን ፈርሷል፣ በልማዱ ብቻ እንተዳደራለን። በልማዱ ደግሞ ጋራዡ የማን እንደሆነ ያውቁታል።

ግልጹን ልንገርዎ። ለቦታው ገዢ አለኝ። የአክራ ሰው ነው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡ መኪኖች ማቆሚያ ሊያደርገው ይፈልጋል። በርሜሉንም፣ ጣሪያውንም፣ ቁርጥራጩንም አይፈልግም፣ ባዶ መሬት ነው የሚፈልገው። እስከ ገና ሠራተኞቹ ቢለቁ መልካም ነው። ዱፊዬ አንድ ሙቀት ስላነበበች ማስተር ሆነች እንዳትሉኝ። ሴት ናት፣ የሌላ ወገን ናት፣ ባል ታግባ።

እናቴ ትረዳኛለች። ለእርሷ ደብዳቤውን ሙሉውን አያንብቡላት።

ያው አምፖንሴም

---

ኩማሲ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2007

ለያው፣

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ በሆነው ነገር ላይ ነው። ጆሮህ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከኔ ይስማ ብዬ ነው።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሙሉውን አነበብኩላት። አያንብቡላት ያልከውንም ጭምር። «ገዢ» የምትለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። «ከወንድሜ ጋር አልተነጋገረም?» አለች። «አልተነጋገረም» አልኳት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ልማድ ልማድ ትላለህና ልማዱን ልንገርህ። ሰው ከሞተ በኋላ ያለው ሁሉ የእህቱ ልጅ ነው፣ እውነት ነው። በሕይወት እያለ ግን ላቡን ያፈሰሰበትን ነገር ለፈለገው መስጠት ይችላል፤ ወገኑ በተሰበሰበበት ተቀባዩ የምስጋና መጠጥ ካቀረበ፣ ወገንም ከጠጣ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ይዞ አይመልሰውም።

ቅዳሜ የወገናችንን ሽማግሌዎች ጠራሁ። ጋራዡ ውስጥ፣ ወንበር ያጣው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹም ሁሉ ቆመዋል። በሁሉም ፊት፣ «ቴርሞስታት ማውጣት አርባ ዓመት የሠራሁት ጥፋት ነው፣ ያረመችኝ ይቺ ናት» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ዱፊዬን በሁሉም ፊት ማስተር አልኳት፣ ጋራዡንም ሰጠኋት። አለቀሰች፣ ግራሶ በነካው እጇ እንባዋን ስለጠረገች ፊቷ ጠቆረ። ሁለት ጠርሙስ ጂን አቀረበች። የገዛ ገንዘቧ ነው።

ሽማግሌው፣ «የንቲያሞአ እህት ልጅ ባሕር ማዶ ነው። ስለ እሱ የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ። እናትህ ተነሳች። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽህም፤ አንድ ልጇ ነህ፣ እሷ እምቢ ካለች ነገሩ ይፈርሳል።

ሄዳ ዱፊዬ ፊት ቆመች። መለኪያውን ዘረጋችላት።

«ቅጂልኝ» አለች።

ዱፊዬ ትንሽ ቀዳች። እናትህ፣ «ሙዪው እንጂ!» አለቻት። ሞላችው። መሬት ላይ ለሞቱት አባቶች ጠብ አደረገች፣ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከሷ በኋላ ሁላችንም ጠጣን።

ሰኞ የጋራዡ ስም በወረቀት ወደ ዱፊዬ ተዛወረ።

እናትህ ደህና ናት። ሰላም በልልኝ ብላለች።

ዎፋህ፣
ክዋኩ ንቲያሞአ